አድዌር ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት፣ ቅንብሮችን የሚቀይርበትና የሚጸዳበት መንገድ

ብሮውዘርዎን ሲከፍቱ ከለመዱት ገጽ ይልቅ የማያውቁት የፍለጋ ገጽ የሚመጣ ከሆነ፣ ዜና በሚያነቡበት ገጽ ላይ በአንቀጾቹ መካከል ሳይቀር ማስታወቂያ የሚደረደር ከሆነ፣ ወይም በስክሪኑ ቀኝ ታችኛው ጥግ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል መልእክት እየደጋገመ ብቅ የሚል ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አድዌር ነው። አድዌር የሚባለው ባለቤቱ በቅጡ ሳይፈቅድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ማስታወቂያ በማሳየት፣ ፍለጋን ወደ ሌላ ገጽ በማዞርና የተጠቃሚውን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ በመሰብሰብ ለሠሪው ገንዘብ የሚያስገኝ ፕሮግራም ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ እንደሚጠይቀው ራንሰምዌር አስደንጋጭ ስላልሆነ ብዙ ሰው ችላ ብሎት ለወራት አብሮት ይኖራል። በጊጋባይት እየተቆጠረ የኢንተርኔት ጥቅል ለሚገዛ ሰው ግን ከጀርባ ሆኖ የሚያወርደው ቪዲዮና ምስል ብቻውን ወጪ ነው።

አድዌርን ለማጥፋት የሚሞክሩ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ከዝርዝር ውስጥ ፈልገው ያጠፉታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ያገኙታል፣ ከዚያም «ፎርማት ካልተደረገ አይለቅም» ብለው ይደመድማሉ። አድዌር ግን አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ያ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በብሮውዘሩና በኔትወርክ ቅንብሮች ውስጥ የተዋቸው ለውጦች ሁሉ የእርሱ አካል ናቸው። ከእነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ ማስታወቂያውን ያመጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የጠፋውን መልሰው ይጭናሉ። ስለዚህ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይወስናል፤ መልሶ የሚጭነው ሳይወገድ የተጫነውን ማጥፋት በር ከፍቶ ዝንብ እንደማባረር ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለዊንዶውስ 10 እና 11 የተጻፈ ሲሆን በብሮውዘር በኩል በክሮም፣ በኤጅና በፋየርፎክስ ላይ ያተኩራል።

በየት በኩል ይገባል

ዋናው መግቢያ ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ ያወረደው ነጻ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮ ማውረጃ፣ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ የአማርኛ መጻፊያ ወይም የድሮ ጨዋታ ፍለጋ ሲገቡ ከፊት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ሠሪ ገጽ ሳይሆን የሌሎችን ፕሮግራሞች ሰብስቦ የሚያድል ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ትልቁና አረንጓዴው «ዳውንሎድ» የሚለው ቁልፍ ማስታወቂያ ሲሆን እውነተኛው ማውረጃ ደግሞ ከሥሩ በትናንሽ ፊደላት ተጽፎ ይገኛል። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ 10 እና 11 የአማርኛ መጻፊያ አብሯቸው ስላለ፣ በሴቲንግ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ከሚለው ክፍል አማርኛን መጨመር ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል የማይታወቅ ገጽ ላይ መግባት አያስፈልግም።

የወረደው ፋይል ሲከፈት የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው መስኮት የተለመደው የእንኳን ደህና መጡ መልእክት ነው። በሁለተኛው ላይ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ፤ «ኤክስፕረስ» የሚለው አስቀድሞ ተመርጦና «የሚመከር» የሚል ቃል ተጨምሮበት፣ «ካስተም» የሚለው ደግሞ ደብዝዞና ለባለሙያ ብቻ መስሎ። «ኤክስፕረስ» ን የመረጠ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም አይጠየቅም፤ ሦስትና አራት ተጨማሪ ፕሮግራም ሊጫንበት ይችላል። «ካስተም» ን የመረጠው ደግሞ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው ትናንሽ ሳጥኖች ያገኛል፤ «መነሻ ገጼ ይህ እንዲሆን እስማማለሁ»፣ «ይህ የፍለጋ መሣሪያ እንዲጨመርልኝ እስማማለሁ» የሚሉ። በቀጣዩ መስኮት ላይ «ዲክላይን» የሚለው ቁልፍ ግራጫ ሆኖ የማይሠራ ይመስላል፣ ሲጫኑት ግን ይሠራል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስኮት የቁልፎቹን ቦታ ያቀያይራል፤ እጅ በልማድ «ኔክስት» ወደነበረበት ሲሄድ «አክሴፕት» ን ይጫናል። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበበት ነው፤ ሠሪዎቹ በኋላ ሲጠየቁ «ተጠቃሚው ተስማምቷል» ለማለት የሚችሉት በእነዚህ መስኮቶች ነው።

ይህን ያህል የሚደክሙበት ምክንያት ክፍያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግልና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ንግድ አጥንተው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ አስተዋዋቂዎች ለአንድ አዲስ ጭነት ከ0.10 እስከ 1.50 ዶላር እንደሚከፍሉና የጉግል ጥበቃ አገልግሎት ከእንዲህ ዓይነቱ የማይፈለግ ፕሮግራም ጋር በተያያዘ በሳምንት ከ60 ሚሊዮን በላይ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ከተጫነ በኋላ ያለው ገቢ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍለጋዎ በእነርሱ ገጽ በኩል ካለፈ ከፍለጋው ማስታወቂያ ድርሻ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ድርጅት ይፋ ያደረገውና ራፎቴክ ከተባለ የቤጂንግ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ያያዘው ፋየርቦል የተባለ አድዌር ሥራው ይኸው ነበር፤ መነሻ ገጽንና የፍለጋ ሞተርን ቀይሮ ጥያቄውን ወደ ያሁ ወይም ወደ ጉግል ያስተላልፍ ነበር። ቼክ ፖይንት የተያዙትን ኮምፒውተሮች 250 ሚሊዮን ብሎ ሲገምት ማይክሮሶፍት ቁጥሩ ተጋኗል ብሎ ተከራክሯል።

ሁለተኛው መግቢያ የተሰበረ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተፈታ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ክፍያ «አክቲቬት» የሚያደርጉ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ይመጣሉ፤ ይህን የፈጸመ ሰው በሩን በገዛ እጁ ከፍቷል። እኛ ዘንድ ብዙ ኮምፒውተር ከጥገና ቤት ፎርማት ተደርጎ ሲወጣ እነዚህ ፋይሎች አብረው ተጭነውበት ስለሚመጡ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያወርድ አድዌር ሊኖርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታወቀው ክሮምሎደር የተባለ አድዌር ደግሞ የተሰበረ ጨዋታ ወይም ፊልም መስሎ አይኤስኦ በሚባል የዲስክ ፋይል ውስጥ ይሠራጭ ነበር። ፋይሉን የከፈተ ሰው ጨዋታው እንዳልሠራለት የሚገልጽ የስህተት መልእክት አይቶ ይተወዋል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ክሮም ላይ አዲስ ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተጭኗል።

ሦስተኛው መግቢያ ያለ ምንም ማውረድ የሚሆነው ነው። አንዳንድ ገጾች «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ን ይጫኑ» ይላሉ፤ የተጫነው ግን ገጹ ማሳወቂያ እንዲልክ የሚፈቅደው ቁልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት የውሸት የቫይረስ ማስጠንቀቂያዎች ከብሮውዘሩ የሚላኩ ማሳወቂያዎች እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ሥራ አይደሉም። ኤክስቴንሽኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ጥሩ ሆኖ የተጫነ ኤክስቴንሽን ባለቤቱ ሲሸጠው በራሱ ጊዜ ታድሶ ወደ አድዌር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ጉግል «አድ ቱ ፊድሊ» እና «ትዊት ዚስ ፔጅ» የተባሉትን ሁለት ኤክስቴንሽኖች ከመደብሩ ያወጣው አዲሶቹ ባለቤቶች ማስታወቂያ ስለጨመሩባቸው ነበር።

አድዌር ከፋብሪካ ሊመጣም ይችላል። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. ከ2014 አጋማሽ በኋላ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ አስገቢ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ በተመሰጠሩ ገጾች ላይ ጭምር ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል በዊንዶውስ ውስጥ የራሱን ሥር ሰርተፍኬት (የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጥ የታመነ ሰነድ) ይተክል ነበር፤ ከዚያም ወዲያ የባንክም ሆነ የኢሜይል ገጽ ሲከፈት ብሮውዘሩ የሚያየው የባንኩን ሳይሆን ሱፐርፊሽ የፈረመውን ሰርተፍኬት ነው። ከሁሉ የባሰው የሰርተፍኬቱ ምስጢራዊ ቁልፍ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር፤ ቁልፉን ያወጣ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ የተገናኙ ሌሎች የሌኖቮ ተጠቃሚዎችን ለማታለል ይችል ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ሲጋለጥ ብዙዎች ፕሮግራሙን አጠፉ፣ ሰርተፍኬቱ ግን ባለበት ቀረ። ሌኖቮ የማጽጃ መሣሪያ ለማውጣት ተገደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 የግዛት መንግሥታት ጋር በስምምነት ጉዳዩን ሲዘጋ ለግዛቶቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ችግሩ የት እንዳለ መለየት

ምንም ከማጥፋትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ለምርመራ ይስጡ። በመጀመሪያ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉና ሌላ ብሮውዘር ይክፈቱ። ችግሩ በክሮም ላይ ብቻ ታይቶ በኤጅ ላይ ከሌለ፣ ምክንያቱ ኤክስቴንሽን ወይም የክሮም ቅንብር ነው። በሁለቱም ላይ ካለ ደግሞ በዊንዶውስ ወይም በኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ነው። ቀጥሎ በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልክዎን ያገናኙ፤ ስልኩም ወደማይፈልጉት ገጽ የሚዞር ከሆነ ኮምፒውተሩን ከመነካካት ይልቅ የዋይፋይ ሳጥኑን መመርመር ይቀድማል።

የሚያስቸግርዎት የጥግ መልእክት ብቻ ከሆነ ሥራው አጭር ነው። በክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ከዚያም «ሳይት ሴቲንግስ» ከዚያም «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ። እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ይመጣል፤ የማያውቋቸውን ሁሉ ያጥፉ፣ ከላይ ደግሞ ገጾች ፈቃድ እንዳይጠይቁ የሚያደርገውን ምርጫ ይያዙ። መልእክቱ ከቆመ ቀሪው መመሪያ ላያስፈልግዎት ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ሰነዶችን ማስቀመጥና ማጽጃዎችን ማውረድ

አስፈላጊ ሰነዶችንና ፎቶዎችን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ፤ ከዳውንሎድ ፎልደር ያሉ የመጫኛ ፋይሎችን ግን አብረው አይውሰዱ። ከዚያም ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ማጽጃዎቹን ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ የፍለጋ ውጤትዎ የተበከለ ከሆነ ደግሞ በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር አውርደው በፍላሽ ያምጡ። አድዌርን ለይቶ የሚያጠፋው አድደብሊውክሊነር ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማልዌርባይትስ የተባለው የደህንነት ድርጅት ንብረት ነው። ማይክሮሶፍት የሚያወጣው ሴፍቲ ስካነርም ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ አስቀምጠው የሚቆዩት መሣሪያ አይደለም። ሦስተኛው ይኸው ድርጅት የሚያወጣው አውቶራንስ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ የሚጀምረውን ሁሉ በአንድ መስኮት ያሳያል። አውርደው ሲጨርሱ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ቀጥሎ ያለው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አድዌሩ ግን ራሱን መልሶ ለማውረድ ይፈልገዋል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ መልሶ የሚጭነውን ማግኘት

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በዊንዶውስ ፍለጋ ላይ «ታስክ ስኬጁለር» ብለው በጊዜ የታሰሩ፣ በራሳቸው የሚነሡ ሥራዎች የሚመዘገቡበትን ይክፈቱና በግራ በኩል «ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ» የሚለውን ይጫኑ። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሕጋዊ ናቸው፤ የጉግልና የኤጅ ማደሻዎች፣ የፕሪንተርና የድምፅ ካርድ ሥራዎች። እያንዳንዱን መርጠው ከታች «አክሽንስ» የሚለውን ገጽ ያንብቡ፤ ምን እንደሚያስነሣ የሚያሳየው እሱ ነው። ሦስት ነገሮች ሊያስጠረጥሩዎት ይገባል፦ የሚያስነሣው ፋይል በተጠቃሚው «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ትርጉም የሌለው ስም ይዞ ከተቀመጠ፣ ትእዛዙ «ፓወርሼል» (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ) ብሎ ጀምሮ ሊነበብ የማይችል ረዥም የፊደላት ሰንሰለት ካስከተለ፣ ወይም በቀጥታ ብሮውዘሩን ከነድረ ገጽ አድራሻው የሚከፍት ከሆነ። ክሮምሎደር የሚጠቀመው ሁለተኛውን ዘዴ ነበር፤ ተጠቃሚው ኤክስቴንሽኑን ቢያጠፋውም በጊዜ የታሰረው ሥራ ይመልሰው ነበር፤ የኤክስቴንሽኖች ገጽ ሊከፈት ሲልም ወደ ሴቲንግ ገጽ ያዞረው ነበር። ያገኙትን አጠራጣሪ ሥራ ወዲያውኑ ከማጥፋት በመጀመሪያ «ዲሴብል» ያድርጉት፣ የሚያስነሣውን ፋይል አድራሻ ይጻፉ፣ ከዚያም ፋይሉን ራሱን ያጥፉ። ችግር ካልተፈጠረ በመጨረሻ ሥራውን ይሰርዙ።

አውቶራንስን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይክፈቱና ከምርጫዎቹ ውስጥ የማይክሮሶፍትን የሚደብቀውንና የፊርማ ማረጋገጫውን ያብሩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዝርዝር ያጥራል። ፊርማ የሌለው፣ አሳታሚው ያልተገለጸ፣ ፋይሉም «አፕዳታ» ወይም «ፕሮግራምዳታ» ውስጥ ያለ ነገር ካገኙ ምልክቱን ያንሱ፤ ማንሳቱ እንዳይነሣ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ ከተሳሳቱ ለመመለስ ይቻላል።

የብሮውዘር ፖሊሲዎች ደግሞ ሌላው መደበቂያ ናቸው። ፖሊሲ የተዘጋጀው መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ብሮውዘር ከአንድ ቦታ እንዲያስተዳድሩ ነው፤ አድዌር ግን ይህንኑ መንገድ ተጠቅሞ ኤክስቴንሽኑ እንዳይጠፋ ያስራል። የክሮምን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ ከታች «ብሮውዘርዎ በድርጅትዎ ይተዳደራል» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ካዩና ኮምፒውተሩ የግልዎ ከሆነ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። በአድራሻ መስመሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል chrome://policy ብለው ይጻፉ፤ የተጫኑት ፖሊሲዎች ይዘረዘራሉ። አንዳንድ አንቲቫይረሶችም ፖሊሲ ስለሚጭኑ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» የሚል ካገኙ ከጎኑ ያለው ረዥም ኮድ በግድ የተጫነው ኤክስቴንሽን መለያ ነው። ለማስወገድ ሬጂስትሪ ኤዲተርን (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች መዝገብ የሚታይበትን) ከፍተው በ«ሎካል ማሽን» እና በ«ከረንት ዩዘር» ቅርንጫፎች ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም እያሉ ይውረዱ፤ መጀመሪያ ቅርንጫፉን «ኤክስፖርት» ብለው ያስቀምጡ፣ ከዚያ ያንን ስም ያጥፉ። የኤጅ ፖሊሲ በዚያው መንገድ ማይክሮሶፍት ከዚያም ኤጅ በሚል ስም ይገኛል። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ይህን ክፍል አይንኩ፤ የአይቲ ክፍሉን ይጥሩ።

አራተኛው ደረጃ፦ ፕሮግራሞቹን ማራገፍ

በሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» ን ከፍተው ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ይደርድሩ። አድዌር ብቻውን ስለማይመጣ ችግሩ በጀመረበት ቀን የተጫኑትን ሁሉ አንድ ላይ ያገኟቸዋል። ከማያውቁት ስም በፊት ግን ራስዎ ፈልገው ያወረዱትን ይጠርጥሩ፤ ሌሎቹን ይዞ የመጣው እሱ ነው። ሲያራግፉ የሚመጡትን ጥያቄዎች በጥሞና ያንብቡ። አንዳንድ አድዌር «ማራገፉን መሰረዝ አይፈልጉም?» የሚል ጥምዝ ጥያቄ ያቀርባል፣ ወይም ሊወጣ ሲል በምትኩ ሌላ ፕሮግራም ይጋብዛል። አልራገፍ ካለ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ ያስነሡትና እንደገና ይሞክሩ፤ ለዚህም «ሺፍት» ን ይዘው «ሪስታርት» ን ይጫኑና ከሚመጡት ምርጫዎች «ትራብልሹት» በሚለው በኩል ይግቡ።

አምስተኛው ደረጃ፦ ብሮውዘሩን መመለስ

በመጀመሪያ የብሮውዘሩን ሲንክ ያቋርጡ። አድዌሩ ኤክስቴንሽን ከሆነና በአካውንትዎ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚመሳሰል ከሆነ፣ ከዚህ ያጠፉት ከዚያ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው «ከፎርማት በኋላም አልለቀቀኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ የኤክስቴንሽን ዝርዝሩን ይክፈቱና የማይጠቀሙበትን ሁሉ ያስወግዱ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ የማንበብና የመቀየር» ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን የይለፍ ቃል ሲጽፉም ሊያይ እንደሚችል አይዘንጉ።

ከዚያም በክሮም «ሪሴት ሴቲንግስ» የሚለውን ያስፈጽሙ። ይህ የፍለጋ ሞተሩን፣ መነሻ ገጹንና የአዲስ ታብ ገጹን ወደ ነበሩበት ይመልሳል፣ ኤክስቴንሽኖችን እንዳይሠሩ ያደርጋል፣ ኩኪዎችንም (ገጾች ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጡትን መረጃ) ይጠርጋል፤ ቡክማርክ፣ የጉብኝት ታሪክና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ግን አይነኩም። በፋየርፎክስ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» የሚለው ነው።

አንድ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም ሾርትካቱ ነው። በዴስክቶፕና በታስክባሩ ላይ ያለውን የብሮውዘር ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርገው (በታስክባሩ ላይ ከሆነ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የብሮውዘሩን ስም እንደገና በቀኝ ጠቅ አድርገው) «ፕሮፐርቲስ» ን ይክፈቱ፣ «ታርጌት» የሚለውን መስመር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የብሮውዘሩ ፋይል ስም ካበቃ በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ካገኙት፣ ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ገጽ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ የቱንም ያህል ቢቀይሩ አይስተካከልም። ሾርትካቱን አጥፍተው ሌላ መሥራት ይቀላል።

ስድስተኛው ደረጃ፦ ኔትወርኩ

በሴቲንግ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ «ፕሮክሲ» ን፣ ማለትም ትራፊኩ በሌላ ሰርቨር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ይክፈቱ። በግል ኮምፒውተር ላይ የፕሮክሲ ሰርቨርም ሆነ የማዋቀሪያ ስክሪፕት መጥፋት አለባቸው። አድራሻው 127.0.0.1 ከሆነ ትራፊኩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ባለ ሌላ ፕሮግራም በኩል ያልፋል ማለት ነው፤ አድዌሩ ገጾቹ ላይ ማስታወቂያ የሚሰካው በዚያ ነው። ፕሮግራሙን ካጠፉ በኋላ ኢንተርኔት ጨርሶ እምቢ ካለዎትም አይደናገጡ፤ ፕሮክሲው ሳይጠፋ በመቅረቱ ብሮውዘሩ የሌለን ፕሮግራም እየጠበቀ ነው። ያጥፉት፣ ይመለሳል።

የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ቅንብሩንም ወደ «ኦቶማቲክ» ይመልሱ፣ ራስዎ አስበውበት የቀየሩት ካልሆነ በቀር። በዚህ መንገድ ምን ያህል ጥፋት እንደሚደርስ ዲኤንኤስቼንጀር የተባለው ጎጂ ፕሮግራም አሳይቷል፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮችን ወደ ሐሰተኛ ሰርቨሮች አዙሮ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር ለሠሪዎቹ አስገኝቷል። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ሰዎቹ በኢስቶኒያ መያዛቸውን ካሳወቀ በኋላ ሐሰተኞቹን ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ መዝጋት አልተቻለም፤ ቢዘጉ የተጠቂዎቹ ኢንተርኔት ስለሚቋረጥ በፍርድ ቤት ፈቃድ ንጹህ ሰርቨሮች ተተክተው እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ድረስ ሠርተዋል። ስልክዎም ወደ ሌላ ገጽ ይዞር ከነበረ የዋይፋይ ሳጥኑን ዲኤንኤስ ይመልከቱ፤ ካስፈለገም ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሰው የመግቢያ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ።

«ሆስትስ» የሚባለው፣ የድረ ገጽ ስም ወደየትኛው የቁጥር አድራሻ እንደሚሄድ የሚጻፍበት ፋይል በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ በሚሉት ፎልደሮች ይገኛል። ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ከፍተው ፋይሉን ይመልከቱት፤ በንጹህ ዊንዶውስ ላይ ሁሉም መስመሮች በሃሽ (#) ምልክት ይጀምራሉ። ከዚያ ውጪ የታወቁ ገጾች ወይም የአንቲቫይረስ ድርጅቶች አድራሻ ከቁጥር ጋር ተጽፎ ካገኙ ያጥፉ። የተሰበረ ፕሮግራም የጫነ ሰው የሠሪውን ሰርቨሮች የሚያግዱ መስመሮች ሊያገኝ ይችላል፤ እነሱ አድዌር ባይሆኑም ፋይሉን ማን እንደነካው ይመሰክራሉ።

ዋይፋዩን መልሰው ካበሩ በኋላ ሰርተፍኬቱን ይፈትሹ። ጉግልን ከፍተው በአድራሻው ጎን ካለው ምልክት የሰርተፍኬቱን ዝርዝር ይክፈቱ፤ የሰጠው አካል «ጉግል ትረስት ሰርቪስስ» መሆን አለበት። የአንቲቫይረስዎ ስም ከመጣ የተመሰጠሩ ገጾችን የሚፈትሽበት መንገድ ነው። ሰምተውት የማያውቁት ስም ከመጣ ግን «ማኔጅ ኮምፒውተር ሰርተፍኬትስ» ን ከፍተው ከታመኑት ሥር ሰርተፍኬቶች ዝርዝር ውስጥ ያንኑ ስም ብቻ ፈልገው ያጥፉ። ዝርዝሩ በሙሉ እንግዳ በሚመስሉ ስሞች የተሞላ ስለሆነ በግምት ማጥፋት የባሰ ችግር ያመጣል።

ሰባተኛው ደረጃ፦ መቃኘት

ከመቃኘትዎ በፊት በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የ«ኤክስክሉዥንስ» ዝርዝርን ይክፈቱ። አድዌርና የተሰበሩ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ፎልደር፣ አንዳንዴም መላውን ሲ ድራይቭ፣ እንዳይቃኝ እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ዝርዝሩ ካልጸዳ ቅኝቱ ምንም ሳያገኝ «ንጹህ ነው» ይላል። ቀጥሎ «ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን» ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ቅንብር ያብሩ። አሁን አድደብሊውክሊነርን፣ ከዚያም የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ሙሉ ቅኝት ያስነሡ። ሁለቱ ካልበቁ የዲፌንደር ኦፍላይን ቅኝት አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚቃኝ የሚደበቁበትን ዕድል ያጠባል፣ የሚወስደውም 15 ደቂቃ ገደማ ነው። የከፈቱትን ሥራ አስቀድመው ያስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይጠፋና ይነሣል።

ስምንተኛው ደረጃ፦ ማረጋገጥ

ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍተው ያስነሡ፤ አንዳንድ በጊዜ የታሰሩ ሥራዎች ተጠቃሚው ሲገባ ብቻ ይነቃሉ። ከዚያ ታስክ ስኬጁለርን፣ የፖሊሲ ገጹን፣ የፕሮክሲ ቅንብሩንና ሾርትካቱን እንደገና ይመልከቱ። ያጠፉት ነገር ከተመለሰ ቅንብሩን ደጋግሞ ከማጥፋት ይልቅ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለሱ፤ ያላገኙት ነገር አለ። ንጹህ መሆኑ ሲረጋገጥ ሲንኩን ያብሩ፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎችንም ይለውጡ፤ በተለይ እንግዳ ሰርተፍኬት ወይም ሰፊ ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን አግኝተው ከነበረ ይህን አያዘግዩ።

ፎርማት ማድረግ የሚገባበት ጊዜም አለ። ዲፌንደር አልበራ ካለ፣ ያጠፉት ሥራ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ፣ ወይም ዊንዶውሱ ራሱ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ፍላሽ ተጭኖ ከነበረ ጊዜ ማባከን አይገባም። መጫኛውን ግን ጥገና ቤቱ ከያዘው ፍላሽ ሳይሆን ማይክሮሶፍት በነጻ ከሚሰጠው የመጫኛ መሥሪያ ያዘጋጁ ወይም እንዲያዘጋጁልዎት ይጠይቁ፤ ከተጫነ በኋላም የሚፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ራስዎ ከየሠሪዎቻቸው ገጽ ያውርዱ፣ በመጫኛውም ሁለተኛ መስኮት ላይ «ካስተም» ን ይምረጡ።